የአባቴ ኮከብ የፈዘዘ ምሽት

ልጅ እያለሁ፣ እንጅባራ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን ሲመሽ ሥራችን ኮከብ መካፈል ነበር። ገለባው ላይ በጀርባችን ተንጋለን፣ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለፈረሳችን ሳይቀር፣ አንዳንድ ኮከብ እንሰጣለን። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፤ ገለባው ግን የቀኑን ፀሐይ እንደያዘ ነው፤ ሙቀቱና ሽታው ዛሬም ትዝ ይለኛል። ለአባቴ የሰጠሁት በሰሜን በኩል ያለውን፣ ከጎረቤቱ ጋር እኩል የሚያበራውን ነበር።

አንዴ አባቴ ድንች በፈረስ ጭኖ ጫግኒ ወረደና ይመለሳል ባልነው ቀን ቀረ። ያን ምሽት ቀና ብል ኮከቡ ፈዟል። ደመና የለ፣ ጎረቤቱም ቦግ እንዳለ ነው፤ የአባቴ ብቻ ጋዙ እንዳለቀበት ኩራዝ ሆኗል። ሮጬ ገባሁና "እማዬ፣ የአባባ ኮከብ ሊጠፋ ነው!" አልኳት።

"ዝም በይ! መንገድ በወጣ ሰው ላይ ታሟርቻለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ወንድሜ ደግሞ "ድሮስ! ደህናውን ለፈረሱ ሰጥተሽ ለአባባ ደካማውን ሰጠሽው" ብሎ አሾፈ። የሳቀለት የለም።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ከብቶቹን ልይ ብላ ወጣች። ቶሎ ተመለሰችና በቀስታ "የቱ ነው ያልሽው?" አለችኝ። ወስጄ አሳየኋት። እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ኮከቡን ስታይ ቆየች።

በማግስቱ ሲመሽ ቀድማኝ ወጥታ ኖሮ፣ "ነይ እይው፣ በርቷል!" ብላ ጠራችኝ። ኮከቡ እንደ ድሮው ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ አባቴ የሚያነክሰውን ፈረስ እየጎተተ ደረሰ። በእሱ ምክንያት ነው የዘገየው።

አሁን ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ኮከቡ ሁለት ነው፣ በየጥቂት ቀኑ ደብዛዛው ደማቁን ይጋርደዋል ትለኛለች። እኔ ከሦስተኛ ባላልፍም አምናታለሁ። ግን ትልቁ ልጄ የጫግኒ መንገድ ላይ ሚኒባስ ይነዳል፤ አምሽቶ ስልኩ እንቢ ሲል ወጥቼ ያን ኮከብ እፈልጋለሁ። ያኔ ስፈራ ሮጬ የምጠጋት እናት ነበረችኝ። ዛሬ ታናናሾቹ የሚያዩት የእኔን ፊት ነው። ድምፄን አስተካክዬ "ኔትወርክ ነው" እላቸዋለሁ፤ እሺ ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ስልኩ ሲጮህ ግን ቀድመውኝ የሚሮጡት እነሱ ናቸው።