የስንብት ጉርሻ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የቢሯችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሁላችንም እናታችን የምንላቸው ሴት፣ ጡረታ ሊወጡ ስለነበር የስንብት ጉዞ ተዘጋጀላቸው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግር እንጦጦ መውጣት፣ ዛፍ ሥር ምሳ መብላት፣ ተመራርቆ መመለስ። ጡረታ የሚወጡ ሴት ተራራ ማስወጣት የማን ሐሳብ እንደሆነ እንጃ። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው «ደስ ይለኛል» አሉ። እኝህ ሴት እምቢ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ለዚህ ጠባያቸው ያመሰግናቸዋል፤ እኔን ግን ያናድደኛል።

ወሩ ጥቅምት ነው፣ ጽጌ ጾም። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ አልጾመውም። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ ግን የልባቸውን ያጫውቱኛል። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት አሁን እንደገና ይዛለች። እሳቸውም ጽጌን አንድ ቀን ሳይፈቱ ሊጾሙላት ተስለዋል። ስለቱን መናገር የእኔ ፋንታ አይደለም። የጉዞውን ምግብ ለምታዘጋጀው ባልደረባችን ግን «የጾም ምግብ አትርሺ፣ እናታችን ይጾማሉ» ብዬ ጻፍኩላት። «ጽጌ እኮ የፈቃድ ነው፣ ማን ይጾመዋል?» ብላ የሳቅ ምልክት ላከችልኝ። ደግሜ ብጽፍላት «እሺ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፈረንሳይ ተገናኘን። ደረቱ ላይ የእሳቸው ፎቶ ያለበት ቲሸርት ታደለን፤ ለእሳቸውም የራሳቸውን ፊት አለበሷቸው። ዳገቱ ላይ ወጣቶቹ ሙዚቃ ከፍተው ከነፉ፤ እኔና እሳቸው በየባህር ዛፉ እያረፍን ኋላ ቀረን።

«ለምሳ የያዙት ነገር አለ?» አልኳቸው።

«በራሴ ድግስ ቋጥሬ ብመጣ ምን ይሉኛል ልጄ? ነውር ነው።»

ላይ ስንደርስ ምሳው ተዘርግቷል። ክትፎ፣ ጥብስ፣ ዱለት፤ ሰላጣው እንኳ እንቁላል ተከትፎበታል። ፊታቸውን ቲሸርት ላይ ያሳተመ ቢሮ ለአፋቸው ሽሮ አልያዘም! አዘጋጇን ለብቻ ጠርቼ ጠየቅኳት።

«ውይ፣ ረሳሁት!» አለች ጥብሷን እያኘከች። «ለዛሬ ቢተዉትስ? እግዜር እንደሆነ አይቀየም።»

«አንቺ የእግዜር ጸሐፊ ነሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

ሰዉ ዞሮ አየኝ። «አንቺ ጴንጤ፣ ስለ ጾም ምን አገባሽ?» አለ አንዱ። ተሳቀ። እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ «በልቼ ነው የወጣሁት» እያሉ ውሃ ይጠጣሉ።

ኃላፊያችን ክትፎ በእንጀራ ጠቅልሎ ተነሳ። ስልኮች ተደቀኑ።

«እናታችን፣ ይቺን ከእጄ!»

«ጾም ላይ ነኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«በሞቴ! የፈቃድ አይደል እንዴ? ካከበሩኝ አፍዎን ይክፈቱ!»

አጠገባቸው ነበርኩ፤ ልነሳ ስል እናታችን ጉልበቴን ያዙኝ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጉርሻውን በመዳፋቸው ተቀበሉና ሳሕኑ ላይ አኖሩት። ይኸው፣ አክብረውታል። ጨዋ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ሌላ ጠቀለለ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብሎ እየሳቀ አፋቸው ሥር አደረሰው። ቅቤው ደረታቸው ላይ ባለው ፎቶ ላይ ጠብ አለ።

እናታችን እጁን ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያው ያጣላን» አሉት።

ማንም አልሳቀም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቁልቁለቱን ተያያዙት፤ እኔም የውሃ ጠርሙሳቸውን ይዤ ተከተልኳቸው። ፈረንሳይ ስንደርስ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዙ። ሽሮው ሲመጣ ርቧቸው ቶሎ እጃቸውን ሰደዱ። ግን ራሳቸው ሳይቀምሱ ጠቅልለው አጎረሱኝ።

ወዲያው ደገሙኝ።