ሽማግሌ ይዞታል

ሰውን በስልክ የሚያባርር ሰው ዓይን የለውም። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኜ፣ የአፋር ፀሐይ ቀቅሎኝ፣ ባቲን ወጥቼ ኮምቦልቻ መጋዘን በር ላይ ለማራገፍ ተራ ይዣለሁ። የመኪናው ባለቤት ደሴ ሆኖ ደወለልኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እሱ ያን ያህል እንኳ አልደከመልኝም። «ቁልፉን ለወንድሜ ልጅ ስጠው፣ ሌላ ሾፌር አግኝቻለሁ» አለኝ። ጥፋቴን ስጠይቀው «ጥፋትማ የለብህም፣ አልተግባባንም እንጂ» አለ። ያልተግባባነው በቀደመው ሳምንት የአራት ወር ደሞዜን ስለጠየቅኩት ነው።

አራት ወር እንዴት ተጠራቀመ የሚል ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በየጉዞው አበል ይሰጠኛል፤ በእሷ እበላለሁ፣ በእሷ አድራለሁ። ደሞዙን ግን «እኔ ዘንድ ይቀመጥልህ፣ ሾፌር እጅ ላይ ብር አይበረክትም» እያለ ይይዘዋል። እናቴ እንኳ ለገንዘቤ እንዲህ ተጨንቃልኝ አታውቅም። እኔም ጅሉ ደስ ይለኝ ነበር። አሰላ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ በኪራይ ቤት ይጠብቁኛል፤ ኪራዩ ተቆልሏል፣ ያ ብር ደግሞ ሙሉውን የእነሱ ነው። በባዶ እጄ ገብቼ ልጆቼን ዓይን ዓይናቸውን ማየት አልችልም ነበር።

ቁልፉን ሰጠሁ። ማዶ ጎሚስታው ደጃፍ ጎማ እያስጠገኑ የተቀመጡ ሾፌሮች ነገሩን ሰሙና ቁልፉን መስጠት እንዳልነበረብኝ ነገሩኝ፤ ከሰጠሁ በኋላ። ከመካከላቸው ሽበታሙ፣ ሕግ አዋቂ ነው የሚሉት፣ ምክሩ ይሻል ነበር። «ነገ በጠዋት ደሴ ውጣና ክሰስ። ካሰናበተህ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፍልህ ሕጉ ያስገድደዋል። ወረቀት ባትፈራረሙም የቃል ውል ውል ነው። ብቻ ጊዜ አትስጠው» አለኝ። የወንድም ልጅ የተባለው እዚያው ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ሁሉንም ሰምቷል።

በማግስቱ ጫማዬን ሳስር ያደርኩበት አልጋ ቤት በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። የመጡት በባለቤቱ ፒካፕ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ነበር። በሰው መኪና ተጭኖ የመጣ ሽማግሌ ለማን እንደሚፈርድ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ ግን መኪናውን ትቼ ጢማቸውን አየሁ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ ሂና የተቀቡት ሐጂ፣ ዋናው እሳቸው ናቸው። «ሀቅህ የትም አይሄድ። እኛ ይዘነዋል።»

«ሐጂ፣ ዛሬ ፍርድ ቤት ልሄድ ነበር።»

«እኛ እያለን? ሽማግሌ የያዘውን ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ያገርህ ወግ ነው?»

አይደለም። አርሲም ሽማግሌ ይከበራል፤ አባቴ እንደዚያ ነው ያሳደገኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ጫማዬን መልሼ ፈታሁ።

የመጀመሪያው ሸንጎ ደሴ ባለቤቱ ቤት ሆነ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎን ነው፤ ያ ምንጣፍ ከእኔ ቤት ይሰፋል። ባለቤቱ ከሽማግሌዎቹ በታች ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ትሕትናው ሌላ ነው። «ሀቁ እኔ ዘንድ አለ፣ አልካድኩም። የአራት ወር ነው። ወላሂ እከፍለዋለሁ» አለ። እኔ ደፈር ብዬ «እንግዲያስ ይህችኑ በወረቀት ቢያሰፍርልኝ» አልኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ ከስልካቸው ተለይተው አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ስልኩን ከጆሯቸው አነሡ። «የእኛ ምስክርነት አላጠገበህም?» አሉኝ። ከሦስተኛው አፍ በስድስት ወር ውስጥ ከአሚን ሌላ ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። ይቅርታ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ፈገግ አለ፣ ምሳ ቀረበ፣ በገዛ እጁ አጎረሰኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀጠሮ ብቻ ነው። ሐጂ ለለቅሶ ወደ ደጋን ከተማ ወረዱ፣ ሳምንት ቆዩ። ባለሱቁ ልጅ ዳሩ። ባለቤቱ ለዕቃ ጅቡቲ ሄደ፤ ከጅቡቲ ሲመለስ አመመው፤ ሲሻለው ረመዳን ገባ። በረመዳን ሰው አይጨቃጨቅም አሉ። ከረመዳን በኋላ ዒድ ነው፣ ከዒድ በኋላ ድካም ነው። እኔ በዚህ መሐል ኮምቦልቻ በቀን ሥራ ሲሚንቶ አራግፋለሁ። አርባ ቶን ስነዳ የኖርኩ ሰው ኩንታል በትከሻዬ ተሸክሜ፣ የማውቃቸው ሾፌሮች ሲያዩኝ ፊቴን በአቧራው እሸፍናለሁ። በቀጠሮው ቀን ታጥቤ ሽቅብ ወደ ደሴ እወጣለሁ፤ የሚኒባሱ ዋጋም ከዚያችው ከሲሚንቶዋ ነው። ብርዱና ጉሙ ይቀበለኛል። ሰኞ ገበያ ባለሱቁ ደጃፍ ቆሜ፣ የሚያልፈው ሁሉ ሲገፋኝ እውላለሁ። «ዛሬ ሐጂ አልተመቻቸውም» ይሉኛል። እሺ ብዬ እወርዳለሁ።

ባለቤቴ ትደውላለች። «ምን ደረሰ?»

«ሽማግሌ ይዞታል።»

መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ትል ነበር። ወደ ኋላ ላይ «እሺ» ብላ ስልኩን መዝጋት ጀመረች። አንድ ቀን ልጆቹን ይዛ ቤቱን ለቅቃ እናቷ ዘንድ መግባቷን ነገረችኝ። እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ክስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጥ የነበረው ባለቤቱ ከዕለታት አንድ ቀን ራሱ ደወለ። ድምፁ ማር ነው። «ወንድሜ፣ ሽማግሌዎቹን አናድክም። ከፈለግህ ክሰሰኝ፣ አልቀየምህም» አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የደወለው፤ እኔ ግን ወንድነት መሰለኝ። በማግስቱ ደሴ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ታሪኬን አላስጨረሰችኝም። «የተሰናበትከው መቼ ነው?» አለች። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች።

«የደሞዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ነው የሚቀርበው ወንድሜ። የመጨረሻው ደሞዝ እንኳ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል። ልትከፍት ትችላለህ፣ እሱ መጥቶ ይርጋ ነው፣ ጊዜው አልፏል ካለ ግን ይዘጋብሃል።»

«ሽማግሌ ይዞት ነበር እኮ።»

«ሽማግሌ ቀን አያቆምም። አለብኝ ብሎ የጻፈልህ ወረቀት አለ?»

ወረቀቱን በጠየቅኩበት ቀን ይቅርታ መጠየቄን ልነግራት አፈርኩ። የለም አልኳት። አልሳቀችብኝም። ቀጥሎ ወደ ቆመው ሰው ዞራ «እሺ አንተስ» አለች።

ሐጂ የስድስት ወሩን ነገር ያውቁ ነበር ወይ እያልኩ ብዙ አሰላስያለሁ። ባለቤቱ ቀኑን እየቆጠረ እንደነበር አልጠራጠርም፤ የሱን ሒሳብ አሥራ አንዷ ቀን ትናገራለች። እሳቸው ግን ምናልባት አያውቁም ነበር። ይህን ስል ልምራቸው ፈልጌ አይደለም። የሰው እንጀራ እጃቸው ላይ ይዘው፣ ስድስት ወር ሙሉ በዚያ ቤት ምሳ በልተው፣ ሕጉ ምን ይላል ብሎ አንድ ሰው መጠየቅ የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። የሚያከብራቸው ሰው ሲሟጠጥ እያዩ ጢማቸውን የሚያበጥሩ። ዱርዬ እንኳ ሲሰርቅ ቢያንስ ይሮጣል።

ለመጨረሻው ሸንጎ ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ ቃሌን አዘጋጀሁ። ለእያንዳንዳቸው የሚሆነውን ለየብቻ መርጬ ነበር፤ ለዝምተኛው ሽማግሌ እንኳ ቃል አላጣሁም። በዚያ ምንጣፍ ላይ ቆሜ እላቸዋለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ፣ ብሩም ይቅር ብያለሁ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ነገር ሲረዝም አይጥምም። እሱም ሥራው ቀዝቅዞበታል። ለመንገድህና ለልጆችህ ብለን የአንድ ወርህን ግማሽ እንዲሰጥህ ተስማምተናል። አፉ በለውና በሰላም አገርህ ግባ።»

የአራት ወሩ ደሞዝ የግማሽ ወር ሆነ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ የአውቶቡሱን ዋጋ አሰብኩ። ከእሱ የሚተርፈው ለልጆቹ ጫማ ይበቃል ወይ ብዬ ደመርኩ፤ ለሁለቱም ይበቃል። ያን ስደምር ቃሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ወደ ሆዴ ወረደ።

«አፉ ብዬዋለሁ» አልኩ።

«ማሻአላህ፣ የጨዋ ልጅ» አሉ ባለሱቁ፣ ስልካቸውን እያነሡ።

ሐጂ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። የባለቤቱን ሪዝቅ፣ እንጀራውን፣ አላህ እንዲያሰፋለት ለመኑ። መኪናዎቹን ከዓይንና ከገደል እንዲጠብቅለት፣ ሁለቱን አራት እንዲያደርግለት፣ ታማኝ ሾፌር እንዳያሳጣው ለመኑ። ሁሉም አሚን ይላል። እኔም መዳፌን ዘርግቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ጮክ ብሎ አሚን የሚለው እኔ ነበርኩ፤ ብሩ ገና ከባለቤቱ የሸሚዝ ኪስ አልወጣም ነበር።