ለሀያት የመረጥኩት ጫማ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌ አያውቅም። እናቴም ሳታውቅ ነው የቀበርኳት። የንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ እንኳ ሐሜቱን፣ የተሻረውን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ፣ እዚህች ጋ ስደርስ እዘላታለሁ። ጫማ መምረጥ ደግሞ ምን ኃጢአት አለው? እያልኩ ራሴን ሳታልል ስድስት ዓመት ሞላኝ።

ለቡ ከገባን ጀምሮ ቅዳሜ ማለዳ የሰፈር ሴቶች ተሰብስበን የፉሪን ዳገት እንሮጣለን። አሰልጣኝ የለንም። ያስተማረን ዳገቱ ራሱ ነው። እኔ ብዙነሽ፣ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ በዕድሜዬ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ የማላውቅ ሴት፣ እዚያ ዳገት ላይ አንደኛ ነበርኩ። ቀድሜ ጫፍ ደርሼ፣ ወገቤን ይዤ፣ ከታች የሚያለከልኩትን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ?

ከዚያ ሀያት መጣች። ነፋስ ስልክ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት የምታንስ ጎረቤቴ ናት። ያመጣኋትም እኔው ነኝ። «ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ፤ የራሴ የምላት አንድ ሰዓት እንኳ የለችኝም» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሸራ ጫማ፣ ከረጅም ቀሚሷ ሥር ሱሪ አድርጋ፣ ሻርፗን ጠምጥማ መጣች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዞር ስል አጠገቤ ናት። ደግሞ ታወራለች! እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ እሷ የልጇ ጥርስ እንዴት እንደበቀለ ታጫውተኛለች። ጫፉ ላይ እኩል ደረስን። አልማዝ የምትባል ቀልደኛችን ከታች ሆና «ቡዜ፣ ወንበርሽን ጠበቅ አድርጊ፣ ተረካቢ መጥቷል!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ግን ጥርሴ ብቻ ነበር የሚስቀው።

በእኛ ዘንድ ለአዲስ ሯጭ ጫማ የምታስመርጠው ነባሯ ናት። ደንብ ብሎ የጻፈው የለም፤ ግን እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሀያትን ይዤ ልባሽ ጫማ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ወደሚሸጥበት ሄድኩ። «እትዬ ቡዜ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ያልሽውን ነው» አለችኝ።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ሁለት የእግር ጥፍር ተነቅሎብኝ የተማርኩት ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከጣት ፊት አውራ ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ሶሉም ጭቃ የሚነክስ ጥርስ ሊኖረው ይገባል። ከጫማዎቹ መካከል ልክ እንደዚያ ያለ አንድ ግራጫ ጫማ ነበር። መልኩ አያምርም፣ አርባ ቁጥር፣ ሶሉ ጥርሳም፣ ለእሷ ረጅም እግር የተሠራ የሚመስል። አየሁት። በክርኔ ገፋ አድርጌ ሌላ ጫማ ሥር ሸጎጥኩት። ከዚያ ሮዝ ቀለም ያለውን፣ ቀላሉን፣ ሶሉ ለስላሳውን የአስፋልት ጫማ አነሳሁላት።

አጠለቀችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «ጣቴን ያዝ አደረገኝ መሰለኝ።»

«ይሰፋል» አልኳት።

ሁላችንም በዚህች ቃል ነው ያደግነው፤ ለትምህርት ቤት የቆዳ ጫማ ሲገዛልን «ይሰፋል» እየተባልን። ሻጩም «ይሰፋል፣ እህቴ» ብሎ አጸናልኝ። የሩጫ ጫማ እንደማይሰፋ እኔ አውቃለሁ። እያወቅኩ ተናገርኩ። ሰኞ ደግሞ ተመልሼ ግራጫውን ራሴ ገዛሁት። እግሬ ሠላሳ ሰባት ነው። አርባ ቁጥር ምን አደርገዋለሁ? እሷ እንዳታገኘው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር ያደረው። ስንወርድ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ሀያት ተንሸራትታ በእጇ ላይ ወድቃለች፤ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ጫማዋን ስናወልቅላት የአውራ ጣቶቿ ጥፍር ጠቁሯል። እያቀፍኳት፣ እያባበልኳት፣ ሆዴ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ? እፎይታ። ሰው አቅፎ እፎይ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ይህ ግን ትንሹ ጥፋቴ ነው። ትልቁ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ነው። አማቷ በር ላይ ተቀብለውኝ «ብያት ነበር፤ የወለደች ሴት ተራራ ለተራራ ምን ቤቷ ነው!» አሉ። ሀያት ግን እሳቸውን አልሰማችም። እኔን ነበር የምታየው። «እትዬ ቡዜ፣ አንቺ የመረጥሽው ጫማ እንዲህ ካደረገኝ፣ ችግሩ እግሬ ነው ማለት ነው። ለሩጫ የተፈጠረ እግር የለኝም አይደል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ነበረች። እኔ ግን ብርቱካኑን እየላጥኩ «ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር አይፈጠርም፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ዳግመኛ አልሮጠችም። ያቺ አንድ ሰዓቷም እንደ ድሮው የሱቅ ሆነች። እኔም አንደኝነቴን መልሼ ያዝኩ፤ ሩጫው ግን አልጣመኝም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቷ ሙኒራ በሬን አንኳኳች። መሮጥ ልትጀምር ነው። «ሀያት ‹ጫማ ቡዜ ትምረጥልሽ፣ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም› አለችኝ» አለች። አብሬያት ሄድኩ። አውራ ጣቴን ጫማው ውስጥ ከጣቷ ፊት ከትቼ ለካሁ፣ ሶሉን አገላበጥኩ፣ ቁልቁል እንድትረግጥ መንገዱ ዳር ደረጃ ላይ አቆምኳት። ልጅቷ ትኩር ብላ ስታየኝ ቆይታ «ለሀያትም እንዲህ ተጨንቀሽ ነበር የመረጥሽላት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ይቺ «አዎ» ናት ያስጻፈችኝ። ያኔ ቀንቼ ነው ልል እችላለሁ። አሁንስ? ምን የሚያስቀናኝ ነገር ቀረኝ? ስድስት ዓመት ሙሉ አስታማሚዋ፣ ወዳጇ፣ የልጆቿ እትዬ ሆኜ ኖሬ፣ አሁንም በፈቃዴ ዋሸሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ምስኪን ነበረች፣ ያልተማረች ነበረች ብላችሁም አታዝኑልኝ፤ ስለ ጫማ ከሆነስ ከማንም በላይ የተማርኩ ነበርኩ። ዛሬ ሱቋን ሳትዘጋ ልሄድ ነው። ከፈለገች ታባረኝ፣ ከፈለገች ገበያተኛው ፊት ትስደበኝ። ይቅር በዪኝ የምለው በኋላ ነው። አስቀድሜ፣ ገና ቁጭ ሳልል፣ ስድስት ዓመት የከለከልኳትን ነው የምነግራት፤ እግርሽ ምንም አልነበረበትም፣ ሀያት።