ድምፅ የሌለው ላፕቶፕ

የትናየት ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እየሠራች የምትተዳደር ሴት ናት። ካሜራዋን አንግታ ሠርግ ቤት ትሄዳለች፤ ሙሽራዋ ስትለብስ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከራከሩ፣ እናት ጥግ ይዛ እንባዋን ስትጠርግ ትቀርጻለች። ከዚያ ኪራይ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋና የቀረጸችውን እየቆረጠች ትቀጥላለች። ከሰው ጋር የምትውለው አንድ ቀን ነው፤ ብቻዋን የምትቀመጠው ግን ሳምንታት። የከተማውን ግማሽ ሰው ሳቅ በቃሏ ታውቀዋለች። ገበያ መሃል አንዷን ስታይ፣ ይቺ እኮ አክስቷን አቅፋ ስትጨፍር ሻሿ የወደቀባት ናት ትላለች በልቧ። ሴትዮዋ ግን ዞር ብላም አታያትም። የካሜራ ሰው ፊት ማንም አያስታውስም።

ባሏ ስሜነህ የትራክተር መካኒክ ነበር። በሰሊጥ እርሻዎቹ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ መጀመሪያ ገዳሪፍ፣ ኋላም ካርቱም ገባ። እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ የተነሣ ሰሞን አንድ ጠዋት ደወለና ተኩስ እንዳለ፣ ትንሽ ሲረጋጋ እንደሚመጣ ነገራት። "ብቻ ቤቱን እንዳትለቂ" አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልሠራም።

በዚያ ክረምት መተማ ዮሐንስ ወርዳ ድንበሩ ላይ ቆማ ከረመች። የሚሻገረው ሰው መዓት ነበር፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ የታቀፈ፣ ባዶ እጁን የመጣ። አማርኛ የሚሰማውን ሁሉ ስሜነህ የሚባል መካኒክ አይቶ እንደሆነ ጠየቀች። ያየ የለም። ተመልሳ ቤቷ ገባች። አስፋልቱ ዳር መስኮቱ ለደንበኛ የሚመች ክፍል ሁለት ጊዜ አግኝታ ሁለት ጊዜ ተወችው። ቢመጣ የሚያውቀው ይሄንን ቤት ነው።

የምትሠራበት ዴስክቶፕ አብረው ሳሉ የገዙት ነው። በበጋ የገንዳ ውሃ ሙቀት ሲበረታ የሳጥኑን ጎን ፈታ ቬንትሌተር ታዞርበታለች፤ ያም ሆኖ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። አንድ ሙሉ ሠርግ አጠናቅቆ ለማውጣት ከማታ እስከ ንጋት ይፈጃል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ጩኸቱን ለምዳው እሱን እየሰማች ነበር የምትተኛው።

ካለፈው ፋሲካ በኋላ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ገበሬ ልጃቸውን ዳሩና ሠርጉን እሷ ቀረጸች። ያን ሳምንት መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሰነበተ። አንዱን ጊዜ ሲመጣ በኃይል መጣና ሃርድ ዲስኩን አቃጠለው። የሠርጉ ቀን በካሜራው ካርድ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የመልሱ ቀረጻ ግን ዲስኩ ላይ ብቻ ስለነበር ጠፋ። የአቶ ቢያድግልኝ እናት ተደግፈው ተነሥተው ሙሽሮቹን የመረቁት እዚያ ላይ ነበር።

ሰውዬው ሊወስዱ ሲመጡ ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ብላ ነበር፤ አልተቆጡም። ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"የኔ ልጅ፣ እናቴን እንደገና ይመርቁ ብላቸው ይመርቃሉ" አሏት። "ልጄ ግን ሁለተኛ አትዳርም።"

ይሄ ነገር ከቁጣው በላይ ሰበራት። ሰው አደራ ብሎ የሰጣትን ነገር በሚጮህ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ መኖሯን ያን ቀን አየችው። ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲሄድ የማይደነግጥ ነገር መግዛት አለብኝ አለች፤ ገዝቶ ለመጣልም ሳይሆን ዓመታት የሚያገለግል፣ ደህናውን።

ኔትወርክ ባለ ጊዜ ሁሉ በስልኳ የላፕቶፕ ቪዲዮ ማየት ጀመረች። አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ያጥላላዋል። ጉልበተኛ የተባለው ሁሉ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ቀላል የተባለው ሁሉ ወይ ይዳከማል ወይ ዋጋው አይቀመስም። በልኩ ዋጋ የተገኘው ደግሞ ስክሪኑ ደብዛዛ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ነጭ ይሁን ቢጫ አይለይበትም። ሁሉንም ባንድ ላይ የያዘ አላገኘችም። ደግሞም እነዚያ ሰዎች የሚናገሩት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው። በመተማ ሙቀት ሞክሮ የነገራት የለም።

ጎንደር ሄዳ ልታይ አስባ መንገዱ አላስተማመናት አለ። ጎረቤቷ አሰበች ናት መላ ያመጣችው። አሰበች አጥር ለአጥር የምትኖር፣ በረንዳዋ ላይ ሻይና ብስኩት የምትሸጥ ሴት ናት። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ከካርቱም የሸሹ በሽር የሚባሉ ነጋዴ የኮምፒውተር ዕቃቸውን እየሸጡ ነው ብላ ከሹፌሮች የሰማችውን ነገረቻት። የትናየት የተረፋትን የሠርግ ቁራጭ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች።

በሽር ነጭ ጀላቢያ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ስላደጉ አማርኛ ይችላሉ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ከልጃቸው ከሩፊዳ ጋር ይኖራሉ፤ ዕቃው አልጋው ሥር ነው። ሁለት ላፕቶፕ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩላት። አንዱ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ቻርጀሩ ብቻውን እንደ ጡብ ይከብዳል። ሌላው ግራጫ፣ ቀጭን፣ አንድ እጅ ብድግ የሚያደርገው። ቀጭኑ በዋጋም ይበልጣል፤ ባለፈው ጥር ከሠራቻቸው ሠርጎች ያገኘችውን ሁሉ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

አልተቸኮለችም። ያንኑ የጭፈራ ቁራጭ በሁለቱም ላይ ጫነችና ማውጣት ጀመረች። ጥቁሩ ሶኬት ላይ እንዳለ ሩፊዳ ያመጣችላትን ከርከዴ ጠጥታ ሳትጨርስ ፈጸመ። እንዲህ ያለ ፍጥነት አይታ አታውቅም። ከዚያ ገመዱን ነቅላ በባትሪ ሞከረችው፤ በግማሽ ዘገመ፣ ማራገቢያው ጮኸ፣ እጇ ያረፈበት ጋለ፣ ባትሪውም ዓይኗ እያየ ወረደ። ቀጭኑ ጥቁሩን አልደረሰበትም። ነገር ግን ቢሰኩትም ቢነቅሉትም ያው ነው። ሆዱ ለብ ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው፤ ምንም።

በሽር ጉድለቱንም አልደበቁም። ጥቁሩ ሜሞሪ ይጨመርለታል፣ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ይጠገናል። ቀጭኑ እንደተሠራ ነው የሚቀረው፤ ማከማቻውም ትንሽ ስለሆነ ሠርጎቹን ውጭ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ግድ ይላታል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቋት።

"እህቴ፣ የምትሠሪው የት ነው? ቤት የምትቀመጪ ከሆነ ጥቁሩን ውሰጂ፤ ገንዘብም ይተርፍሻል። ቀጭኑ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው።"

ቀላል ጥያቄ ነበር። ቤት ነው ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። የምትሠራው ቤት ነው፤ የምትበላው ቤት ነው፤ ከቤቱ የራቀችባቸውን ቀናት ብታስብ ከሠርግ ቀን ሌላ አልታያት አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሊመጣ ነው ብላ በር ስትጠብቅ እንደኖረች አንድ የላፕቶፕ ነጋዴ ፊት ሲገለጥላት እንባዋ መጣ።

ምን እንደሆነች ሲጠይቋት ስለ ስሜነህ ነገረቻቸው። ይሠራበት የነበረውን ሰፈር ስም ጠራች፤ ጋራዡ ከዳቦ ቤት አጠገብ እንደነበር፣ ቁመቱ ረዥም እንደሆነ፣ ሲናገር አንገቱን ዘንበል እንደሚያደርግ ሁሉ ተናገረች። ለማንም ይሄን ያህል ዘርዝራ አታውቅም። በሽር አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

"አልዋሽሽም፤ አላየሁትም" አሉ። "ያን ሰፈር አውቀዋለሁ። እኛ ስንወጣ ሰው አልነበረበትም። ሞቱ ወይ ሸሹ፣ የሚያውቅ የለም።"

ከዚያ ስለራሳቸው ጥቂት አወሩ። ካርቱም ውስጥ ሱቃቸው ሰፊ ነበር። የወጡ ቀን የያዙት ሮጠው ሊሸከሙ የሚችሉትን ብቻ ነው። ጥቁሩን ሩፊዳ ጀርባዋ ላይ አዝላው መጣች፤ የተሻሉት፣ ውዶቹ፣ ከባዶቹ እዚያው ቀሩ። የሩፊዳ እናት ያረፈችው ከመውጣታቸው በፊት ስለነበር መቃብሯም እዚያው ነው። ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሩፊዳ ግን ተነሥታ ወጣች።

የትናየት ቀጭኑን ገዛች። ለምን እንደገዛችው በሚኒባሱ ስትመለስ ለራሷ ልታስረዳ ሞከረች። ባትሪው ነው አለች፤ ሙቀቱን መቻሉ ነው፤ ስክሪኑ ነው። ሁሉም እውነት ነበር። ገንዘቧ ሲያልቅ ያስፈራት ነገር ግን ሌላ ነው፦ ተሸክመውት የሚሄዱት ነገር ገዛች እንጂ የምትሄድበት አልነበራትም።

ቤት ስትደርስ ዴስክቶፑን ወደ ጥግ ገፍታ ላፕቶፑን ከፈተች። ፍሬን የያዘባት ሥራ ሁሉ ይፈስላት ጀመር። ሌሊት ሙሉ ይፈጅ የነበረው ራቷን በልታ ሳትጨርስ ይጠናቀቃል። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ይልና ይቀጥላል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ችግሩ ቤቱ ዝም ማለቱ ነው። ዓመታት የሰማችው ጩኸት የለም። የግድግዳ ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማታል። ጎረቤት ሳህን ሲያጋጭ፣ ባጃጅ በሩ ላይ ዘገም ብሎ ሲያልፍ ትሰማለች፤ በዘገመ ቁጥር ቀና ትላለች። ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅም ጊዜ ተረፋት። ያ ሁሉ ጊዜ በዘገምተኛው ኮምፒውተር ተበልቶላት እንደኖረ ያወቀችው አሁን ነው። ማሰብ ስትጀምር የምትጠመድበት ነገር አጣች።

አንድ ከሰዓት አሰበች የተረፋትን ብስኩት ይዛ ገባች። የትናየት በላፕቶፑ እየሠራች ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ሃርድ ዲስኩ የተቃጠለ ዴስክቶፕ ደግሞ በርቶ፣ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ነው።

"ያ አይሠራም ብለሽ የለም እንዴ? ለምን አበራሽው?"

የትናየት ልትዋሽ አሰበችና አልሆነላትም። "ቤቱ ዝም ሲል አልችልም" አለች።

አሰበች ብስኩቱን አስቀመጠች። ወደ ግድግዳው ሄዳ ገመዱን ነቀለችው። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ።

"ተነሺ። ያንን ያዢና ነይ" አለቻት። "የኔ በረንዳ ላይ ዝም የሚል ሰው የለም።"

"ቢመጣስ?"

"ከበረንዳዬ በርሽ ይታያል። እኔም አለሁ፤ ስሜነህን አጣዋለሁ?"

ከዚያ ቀን በኋላ የትናየት የምትሠራው አሰበች በረንዳ ላይ ሆነ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ፣ ሳሉግ የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ ከትከሻዋ ኋላ ቆመው ጭፈራውን ያያሉ፤ የኛ አገር እስክስታ ይበልጣል አይበልጥም ብለው ይከራከራሉ። አብዛኞቹ እንደሷው ከቤታቸው የራቁ ናቸው። ስማቸውን ሳትጠይቃቸው እርሻ ወርደው ይቀራሉ፤ ሌሎች ይመጣሉ። እዚያም ሆና ብቸኝነቱ አልለቀቃትም። ሆኖም ባጃጅ ሲያልፍ ቀና ማለቷን ቀነሰች።

ጥር ሲገባ ከከተማ ራቅ ካለ ቀበሌ ሠርግ ተጠራች። ድሮ ቢሆን ቀርጻ በዚያው ቀን ትመለስ ነበር። አሁን ቁልፏን ለአሰበች ሰጥታ፣ ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከልብሷ መሃል አድርጋ ሄደችና እዚያው አደረች። በማግሥቱ መልሱ እስኪደርስ ዳሱ ውስጥ ተቀምጣ የትናንቱን መቁረጥ ያዘች። ሴቶቹ ድስቱን ትተው መጡባት። ራሳቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጭፈራ ታሾፍባታለች፤ መልሺው መልሺው ይሏታል።

አጠገቧ የተቀመጠች፣ ጠይም፣ በእሷ ዕድሜ የምትሆን ባየሽ የምትባል የሙሽራዋ ዘመድ ነበረች። ሌሎቹ ሲበተኑ እሷ ቀረች።

"ያንቺስ ሠርግ በቪዲዮ አለ?" አለቻት።

"የለም። ያኔ ካሜራ አልነበረንም።"

"ባልሽስ ምን ይሠራል?"

የትናየት እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ይህን ጥያቄ ስትሸሽ ነው የኖረችው፤ ሥራ ሄዷል ትል ነበር፤ ወይ እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

"ካርቱም ነበር" አለች። "ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ይኑር አይኑር አላውቅም።"

ባየሽ እግዜር ያውቃል አላለችም፤ ይመጣልም አላለችም። ሳታያት፣ ወደ ዳሱ በር እያየች፣ "የኔም ወንድም እዚያ ነው" አለች። ወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ትከሻዋን በየትናየት ትከሻ ላይ አሳረፈች። ስለ ወንድሟ ሌላ አልተናገረችም፤ የትናየትም አልጠየቀቻትም።

ውጭ ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩ፤ ሙሽሮቹ እየመጡ ነው። የትናየት ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ካሜራዋን አነሣችና ልትቀርጻቸው ወጣች።