ሚኒባሱ የቆመበት ጉድጓድ

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አዋሰችኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራም ምግብም አስረሳኝ። ነዳጁ ያልቃል፣ ማዳበሪያ የሚሠራበት ድንጋይ ያልቃል፣ የከርሰ ምድር ውሃው ያልቃል፤ ከዚያ ይሄ ዘመናዊ ኑሮ የምንለው ነገር እንዳለ ይናዳል ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ! ዕድሜዬን ጭሮ ከተማ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬ፣ አንድ ትልቅ ነገር ከሰው ቀድሜ ሳውቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባለቤቴ በገለምሶ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ምሳ ላይ "ነዳጅ ሊያልቅ ነው" ስለው፣ "ዛሬም ተሰልፌ አጥቼ ነው የመጣሁት፤ ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ ያስፈልጋል?" ብሎ ሳቀብኝ። በገንኩ።

"ሳቅ! መኪና ሁሉ ሲቆም የምትበላውን አያለሁ። ማሽላ እንቅበር!"

ዝም ብዬ አይደለም። እዚህ አገር ገበሬው አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በእሳት አድርቆ፣ ማሽላውን ይጨምርና በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል። ለክፉ ቀን ነው። ከተማ ውስጥ ግን ማን ይቆፍራል? ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ አንድ ሽማግሌ ላኩኝ። እሳቸው ደግሞ ዓርብ ጠቅልለው ሂርና ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ያን ዕለት እሑድ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ ለምኜ ይዣቸው መጣሁ።

ግቢያችንን ዞሩት። መሬቱን በተረከዛቸው እየረገጡ ያዳምጣሉ፤ ትንሽ ይራመዳሉ፤ ደግመው ይረግጣሉ። ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ባለቤቴን "መኪናህን ፈቀቅ አድርጋት" አሉት። እያጉረመረመ አነሣት። አሁንም ረገጡ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ቁፋሮ የለም" አሉኝ። "ጉድጓድ እዚሁ አለ።"

ጉድ እኮ ነው! አፈሩ ሲጠረግ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ አለ። ከእኛ በፊት እዚህ ቤት የኖረ ሰው ማሽላውን ቀብሮ፣ ሳያወጣው ሄዷል። እኛ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ መኪና እናቆምበታለን። "አየህ! አየህ አይደል!" እያልኩ ባለቤቴን ትከሻ ትከሻውን እመታለሁ። ድንጋዩ ሲነሣ የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ በሆዴ ተኛሁና ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ላስገባ ስል፣ ሽማግሌው ቀሚሴን ከወገቤ ላይ ጭብጥ አድርገው ወደ ኋላ ወረወሩኝ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በቂጤ ቁጭ አልኩ።

"ምነው አባባ! ምን አደረግሁ?" ብዬ ጮህኩባቸው።

ኩራዝ አስመጥተው፣ በገመድ አሥረው፣ ለኩሰው ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። አንድ ክንድ እንኳ ሳይወርድ ጠፋ። አውጥተው ለኮሱት፤ አሁንም ጠፋ።

"ውስጥ አየር የለም" አሉ። "ሰውም እንደዚህ ነው የሚጠፋው።"

ባለቤቴ መሳቁን ትቶ ነበር። ያን መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ያኔ ገና ፈራሁ። ዓለም እንዴት እንደምታልቅ አንድ በአንድ ይተነትናል፤ እኔ በገዛ ግቢዬ እንዴት ልሞት እንደነበር ግን አንድ መስመር የለውም።

ኩራዙ ሳይጠፋ እስኪወርድ ሁለት ቀን ከፍተን ተውነው። ከዚያ ሽማግሌው የበሰበሰውን አሮጌ ማሽላ አወጡ፣ እሳት አነደዱ፣ አዲስ ማሽላ ገዝተን እስከ ግማሽ ሞላን፣ ደፈንን። እኔ ስለ መሙላቱ አልጠየቅሁም። ስለ መክፈቱ ብቻ ነዘነዝኳቸው። ሐሙስ ማታ ሲሰናበቱን፣ "እርስዎ ከሄዱ ማን ይከፍትልናል?" አልኳቸው።

"አንቺ ነሻ!"

ዘንድሮ ከፈትነው። የመጀመሪያው ቀን ኩራዙ ጠፋ። በማግስቱም ጠፋ፤ ባለቤቴ "ተይው፣ ይቅርብን" አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በሦስተኛው ቀን በሆዴ ተኝቼ ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት። ወረደ፣ ወረደ፣ ማሽላው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተንጠልጥሎ ቀረ። አልጠፋም! ቀዩ ማሽላ ፍሬው አንድ በአንድ ይታያል። እልል ብዬ ልነሣ ስል አልተቻለኝም፤ ባለቤቴ ከኋላዬ ቀሚሴን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዞኛል።

"ልቀቀኝ እንጂ! በርቷል እኮ!"

"ይብራ" አለኝ። "አልለቅሽም።"