ምሽት የማይፈጨው ወፍጮ

የደሳለችን ቤት ያፈረሰው የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው። ሰፈርተኛው ሌላ ምክንያት ይሰጣችሁ ይሆናል፤ አትስሙት። ዊንጌት ታክሲ ተራው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አቤቱታ ማሳመር እንጀራዬ ነው። የእሷን ግን አሳምሬ ገደልኩት።

ደሳለች ባሏ ትቶላት በሞተው ወፍጮ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቴ ናት። ከወፍጮ ቤቱ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ የሚዋሰኑት ደግሞ ጋሽ ዱጉማ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን እንጦጦ ሥር ችግኝ ሲተክሉ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ሳንባቸው ከዳቸው። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይችሉታል፤ ሲመሽና ብርዱ ሲወርድ ግን ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ አይሆንላቸውም። ወፍጮው ሲነሳ የግቢው መብራት ፍዝዝ ይላል፣ የእሳቸው ማሽን ደግሞ ይጮህና ቀጥ ይላል።

ስለዚህ ደሳለች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ፈጭታ አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳያዛት። ከሥራ መልስ ጤፉን ተሸክሞ የመጣ ሰው ሲቆጣ፣ "ጎረቤቴ ይተንፍሱበት፤ ነገ ጠዋት ና" ትለዋለች።

አምና አዲስ የመብራት አሠራር መጣ። ምሽት ከተማው ሁሉ ስለሚያበራና ስለሚያበስል ኃይሉ አይበቃም፤ ስለዚህ ሞተር ያለው ሁሉ የምሽት ሥራውን ወደ ቀን እንዲያዞር ተጠየቀ። የሚያዞር ተመዝግቦ የቀን መስመር ዋስትና ያገኛል፤ ያልተመዘገበ ሞተር ግን፣ የቀኑ ኃይል ለተመዘገቡት ስለተያዘ፣ ከጠዋት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ነገሩ ሲሰሙት ብልህ ነው። እኔም አጨብጭቤለት ነበር።

ደሳለች ፎርሙን ይዛ መጣች። "የምሽት ፍጆታዎን በምን ያህል ይቀንሳሉ?" ይላል። እኔ ጠቢቡ፣ "አመልካቿ ለጎረቤታቸው ሕይወት ሲሉ ላለፉት አራት ዓመታት ምሽት ሠርተው አያውቁም" ብዬ በሚያምረው ጽሕፈቴ ሞላሁት። ሳነብላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይሸልሟታል ብዬ ነበር።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ፤ ምሽት የማይሠራ ሰው የሚቀንሰው ነገር ስለሌለው መመዝገብ አትችልም። ከታች ያለው የእንጨት ቤት ባለቤት ጃለታ ግን ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ፣ ቆጣሪ በሚታይበት ወር መጋዙን ምሽት ምሽት ባዶውን ሲያስጮኸው ከረመ። የሚቀንሰው አለውና እሱ ተመዘገበ። ደሜ ፈልቶ ቢሮ ድረስ ሄጄ ጮኽኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ "አባባ፣ እኛ የምንለካው የተቀነሰውን ነው። ያልነበረውን በምን እንለካዋለን?" አለችኝ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

የደሳለች ሞተር ቀን ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ጠበቀች፤ ደንበኛው እህሉን ወደ ሌላ ወፍጮ ይዞ ሄደ፣ ልጆቿ ምሳ ሳይዙ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመሩ። በመጨረሻ ይዛኝ ጋሽ ዱጉማ ዘንድ ገባች።

"ጋሽ ዱጉማ፣ ጨነቀኝ። ቀን መስመር የለኝም፤ ምሽት ደግሞ እርስዎ..." ብላ ተንሰቀሰቀች።

"አሥር ደቂቃ እችላለሁ" አሉ። "ፍጪ ልጄ። ሲያቅተኝ በከዘራዬ ቆርቆሮውን እመታዋለሁ፣ ታቆሚያለሽ። ትንፋሼ ሲመለስ ደግሞ ትቀጥያለሽ።"

እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር አለፈ። ወረፋተኛውም ለመደው፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ እያጉረመረመ ይጠብቃል። አሥሩ ደቂቃ ግን ወደ ሰባት፣ ከዚያ ወደ አምስት ወረደ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽሮ የሚያስፈጭ ሁሉ መጣና ወረፋው አስፋልት ደረሰ። ከዘራው ሦስት ጊዜ ከመታ በኋላ አንዲት ሴት፣ "በቃ፣ የእኚህ ሽማግሌ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው? እኛስ ልጆች የሉንም?" ብላ ጮኸች። ደሳለች ተቆጣቻት። ሞተሩ እንደገና ተነሳ። አምስት ደቂቃ፣ ሰባት፣ አሥር።

"አልመቱም እኮ፣ ጋሽ ካሣዬ" አለችኝ፣ እጇ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው።

የእኔ ሽሮ ቀጣዩ ነበር። "ዛሬ በርትተዋል፤ ፍጪ" አልኳት።

አሥራ አምስት ሲሞላ አላስቻላትም፤ አጥፍታ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ጋሽ ዱጉማ አልጋቸው ላይ ወደ ግድግዳው ዘመም ብለው ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከዘራው ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ከራስጌያቸው የለም። ማዶ፣ በሩ ላይ ተደግፏል። የሴትዮዋን ጩኸት ሰምተው፣ እጃቸው እንዳይደርስበት አርቀው ያስቀመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል ሳንደርስ ታክሲ ውስጥ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ደሳለች አንድ ደብዳቤ ይዛ ጃንጥላዬ ሥር መጣች። ወፍጮዋ ምሽት እንደሚሠራ ከቆጣሪው ስለተረጋገጠ አሁን መመዝገብ ትችላለች ይላል። ፎርሙ ከሥሩ ተያይዟል፤ ያው ፎርም፣ ያው ጥያቄ፤ "የምሽት ፍጆታዎን በምን ያህል ይቀንሳሉ?"

ብዕሬን ከፈትኩ። "ምን ብዬ ልጻፍ?" አልኳት ቀና ብዬ ሳላያት።

"በአንድ ሰው፣ ብለው ይጻፉ" አለችኝ።

እንዳለችው ጻፍኩት። ሳላሳምር።