ያልተገረዘች የማትሰማው ተረት

ልጅ ሳለሁ አንድ ተረት ተከልክዬ ነበር፤ እንደ እኔ ላለች ወሬ ወዳድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

ያኔ የምንኖረው ዊንጌት አካባቢ ነው። ወላጆቼ ከደቡብ፣ ከአንድ መንደር ወጥተው ጉለሌ የገቡ፣ እሁድ እሁድ ከአገራቸው ልጆች ጋር ቸርች የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቅነሽ በየክረምቱ ከአገር ቤት መጥተው እኛ ጋ ይከርማሉ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አይጣል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ ተለኩሶ፣ የከሰል ምድጃው መሀል ተደርጎ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ ዙሪያውን እንኮለኮልና እትዬ ይጀምሩልናል። ጅቡን ሲሆኑ የእውነት ጅብ ነበር የሚሆኑት፤ ታናሽ ወንድሜ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባ ነበር።

የጅቡና የልጅቷ ተረት ላይ ሲደርሱ ግን ጉድ ይፈላል። ልጅቷ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጅብ መንገድ ይዘጋባትና «አምባርሽን ስጪኝና ላሳልፍሽ» ይላታል። ትሰጠዋለች። ትንሽ እንደሄደች ቀድሟት ቆሞ ነጠላዋን ይጠይቃታል። እሱንም ትሰጠዋለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆምባት እትዬ ተረቱን ትተው ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

«ከዚያስ፣ እትዬ?»

«የቀረው ለአንቺ አይነገርም። ስትገረዢ ትሰሚዋለሽ።»

በመንደራቸው ልማዱ እንዲህ ነበር። የተገረዘች ልጅ ቤት ውስጥ ትከርማለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ ገንፎ ትበላለች፣ የተረቱም መጨረሻ ያን ጊዜ ይነገራታል፤ ከዚያ ወጥታ ትልቅ ሰው ትባላለች። እኔ ምን አውቄ፣ የታየኝ ቅቤውና ተረቱ ብቻ ነው። አንድ ማታ «በቃ፣ እገረዛለሁ» ብዬ ብድግ አልኩ። እናቴ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። ፊቷ አስፈራኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴና የቸርቿ ሴቶች ሲመካከሩ ሰነበቱ። የወሰኑትን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ቅቤውም፣ ገንፎውም፣ አዲስ ቀሚሱም፣ ምርቃቱም እንዳለ ይሆናል፣ የማይኖረው ምላጩ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ልባል ነው ብዬ በሰፈሩ ስንጎራደድ ያየኝ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።

በዓሉ ቅዳሜ ከሰዓት እኛው ሳሎን ሆነ። እኔና የቸርች እኩዮቼ ቅቤው በግንባራችን እየወረደ፣ ቀሚሳችንን እንዳይነካብን አንገታችንን አስግገን ተደረደርን። እናቶች ወንበር አንሷቸው በር ላይ ሁሉ ቆመዋል። የቀረው ተረቱ ነበር። እትዬ ካልነገሩን ነገሩ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል፤ አገር ቤት ያሉት ዘመዶች «ገና ናቸው» ብለው ምላጩን ለከርሞ ያዘጋጁልናል።

«ይሄማ አይሆንም» አሉ እትዬ ወደ እናቴ ዞረው። «ሳትገረዝ ይህን የሰማች የለችም። ከፈለግሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ አንቺ ሰምተሽ የለ?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ሲነግሩኝ እግሬ ታስሮ ነበር፣ ደሜም አልቆመም። የሰማሁት የራሴን ጩኸት ነው።»

«እኔም መጨረሻውን አላውቀውም» አለች አንዷ ከበሩ። «እኔም» አለች ሌላዋ።

እትዬ ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። «ታዲያ ማን ነው የሰማው?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው «በሉ ተቀመጡ፣ ሁላችሁም» አሉ።

ተረቱንም ካቆሙበት ቀጠሉ። ጅቡ ለሦስተኛ ጊዜ ቆሞ «አሁን ደግሞ ከገላሽ ቆርሰሽ ስጪኝ» ሲላት ልጅቷ «ይሄስ አይሰጥም!» ብላ ጮኸች፤ እናቷና የመንደሩ ሴቶች ዘነዘናቸውን ይዘው ግልብጥ ብለው ወጡ፤ ጅቡም እግሬ አውጪኝ አለ። እኛ ጮቤ ረገጥን፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

እናቴ እልል አላለችም። «ያኔም መጨረሻው ይኸው ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ይኸው ነበር» አሉ እትዬ፤ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

ዛሬ በእኛ ሰፈር ይህ በዓል ሲደረግ ተረቱን የምነግረው እኔ ነኝ፤ ጅቡን መሆንም ለምጄበታለሁ። ያን ቀን የፈነጠዝኩት መጨረሻውን ስለሰማሁ ነበር። አድጌ ነው የገባኝ፤ እናቴ ስትገረዝ እየጮኸች ማንም አልወጣላትም፣ እሷ ግን ለእኔ ሳልጮህ ወጣችልኝ።